ሞተሩ አልታፈነም

ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ፣ ኒኮልሰን ጎዳና፣ የኛ ሰው ቡና ቤት። ስለ ናፍታ ዋጋ ወሬ ከተነሣ ቡናው ቶና ሳይደርስ አንዱ «ሞተርህ ታፍኖ ነው እንጂ ይሄን ያህል አይበላም ነበር» ይላል። ሌላው ስልኩን ያወጣል። የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ሾጣጣ ቀይ ፊልትሮ። «ይሄን ግጠምና ልዩነቱን እየው። በመቶ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ይቀንስልሃል።» ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ጸብ ላለመፍጠር ብዬ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን ወሬው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ቤቴ ገባ። አዲስ አበባ አይሱዙ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ደውሎ «ጋሼ፣ ያንን የአየር ቱቦ ላክልኝ፤ እዚህ ሁሉም እየገጠመ ነው» አለኝ።

አልልክም። ለምን እንደማልልክ ለሱም ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የእነሱን ክርክር ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሞተር በናፍታ ብቻ አይሠራም፣ አየርም ይፈልጋል ይላሉ። ፋብሪካው የሚገጥመው የፊልትሮ ሳጥን ለዋጋ፣ ለቦታና ለጸጥታ ሲባል ጠበብ ብሎ የተሠራ ነው፤ ቱቦው ይጠማዘዛል፣ ወረቀቱም አየሩን ይይዛል። አየር እንደ ልቡ ከገባ ናፍታው ሙሉ በሙሉ ይቃጠላል፤ ሙሉ በሙሉ ከተቃጠለ ለዚያው ሥራ ያነሰ ይበቃል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነውና ከውጭ የሚስብ ቱቦ ይመረጣል። ማስረጃ ሲጠየቁም ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ላይ የተመዘገበውን ተጨማሪ ኪሎዋት፣ ዳሽቦርዱ ላይ የወረደውን የፍጆታ ቁጥር፣ ፔዳል ሲረገጥ የሚሰማውን ጉልበት ይጠቅሳሉ። በዚያ ላይ ፊልትሮው እየታጠበ ለዓመታት ስለሚያገለግል የወረቀት ወጪ ይቀራል።

ይህ የሞኝ ክርክር አይደለም። ከፊሉ እውነት ነው፤ ለቤንዚን መኪና ሲሆን ደግሞ የበለጠ እውነት ይመስላል። የሚፈርሰው መሠረቱ ላይ ነው። ናፍታ ሞተር አየር አጥሮታል ያለው ማን ነው?

ቤንዚን መኪና ላይ እግራችሁ የሚያዘው አየሩን ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ አየር ማስገቢያው ላይ ያለ ክዳን ይከፈታል፤ ቤንዚኑ የገባውን አየር ተከትሎ ይመጠናል። ናፍታ ሞተር ላይ እግራችሁ የሚያዘው ናፍታውን ነው። የአየሩ በር ክፍት ነው፤ ሞተሩ የሚችለውን ያህል ይስባል፣ ጉልበቱን የሚወስነው ኖዝሉ የሚረጨው መጠን ነው። አዳዲሶቹ ላይ የሚታየው ክዳን የጭሱን ሥርዓት ለማገዝና ሞተሩን በጸጥታ ለማጥፋት የተቀመጠ እንጂ ጉልበት ለመመጠን አይደለም።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። አንድ ሊትር ናፍታ በደንብ እንዲቃጠል 12 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ እንደ ሜልቦርን ባለ የባሕር ዳርቻ ከተማ ይህ 10,000 ሊትር ገደማ አየር ነው። አሁን 5.2 ሊትር ሞተር ያለው አይሱዙ ኮሊንስ ጎዳና ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ እየዞረ ነው እንበል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚስብ በደቂቃ 1,500 ሊትር ገደማ አየር ይገባዋል። በዚህ ሁኔታ በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ናፍታ ቢበላ በደቂቃ የሚያስፈልገው አየር 250 ሊትር ነው። የሚገባው 1,500፣ የሚፈልገው 250። ከጭስ ማውጫው ተመልሶ የሚገባውን ጭስ ብንቀንስለት እንኳ የተረፈው አየር ብዙ እጥፍ ነው። ጠግቦ ለተነሣ ሰው ሰፋ ያለ ትሪ ብታቀርቡለት ምን ያደርግለታል?

«እሱ ቆሞ ሲሠራ ነው፤ ዌስት ጌት ድልድይን ጭነት ይዞ ሲወጣስ?» ትሉኛላችሁ። ደህና ጥያቄ ነው። ሲወጣ ተርቦ አለው። ተርቦው በጭሱ ኃይል እየዞረ አየሩን ጠቅጥቆ ያስገባል፣ ኮምፒውተሩም ምን ያህል መጠቅጠቅ እንዳለበት ይቆጣጠራል። ፊልትሮው በጥቂቱ ቢይዝ ተርቦው በጥቂቱ ጨምሮ ያካክሳል። አየሩ እውነት ካነሰ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጥቁር ጭስ እንዳይወጣ ናፍታውን ይቀንሳል። ስለዚህ ሰፊ ቱቦ የሚጠቅምበት ቦታ አለ ከተባለ ሙሉ ጉልበት ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚሰጣችሁ ፈቃድ ተጨማሪ ናፍታ ረጭቶ ተጨማሪ ጉልበት የማውጣት ፈቃድ ነው። ዳይኖ ላይ የጨመረው ኪሎዋት ከዚያ የመጣ ነው። ዳይኖው መኪናው የሚጎትተውን ነገራችሁ፤ የሚበላውን መቼ ጠየቃችሁት? ደግሞስ የመሃል ከተማው ፍጥነት በ40 ኪሎ ሜትር በተወሰነበት፣ በየመቶ ሜትሩ ትራም በሚያቆማችሁ ከተማ ፔዳሉን እስከ ወለሉ የምትረግጡት የት ላይ ነው?

ፊልትሮ አየርን ፈጽሞ አይዝም አልልም። ይይዛል። ስንት እንደሚይዝ ግን እንመዝነው። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ብዙ የከባድ መኪና ሞተር አምራቾች «አሁን ፊልትሮው ይቀየር» የሚሉት እገዳው ወደ 6 ኪሎፓስካል ሲጠጋ ነው፤ ያውም ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲስብ ተለክቶ። ንጹሕ ፊልትሮ ከዚያ እጅግ ያንሳል። አዲሱ ቱቦ አንድ ሙሉ ኪሎፓስካል አተረፈ እንበል፤ ለሻጩ ያደላሁ ግምት ነው። ጭነት ይዞ በሚጎትት ናፍታ ሞተር ውስጥ ፒስተኑን የሚገፋው አማካይ ግፊት ከ1,000 ኪሎፓስካል ይበልጣል። ትርፉ እንግዲህ ከሺህ አንድ ነው። ተርቦው ያንን ልዩነት ስለሚያበዛው ሦስት እጥፍ አድርጉት። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ደግሞ የሚገባው አየር በግማሽ ሲቀንስ እገዳው ወደ ሩብ ስለሚወርድ ትርፉም አብሮ ይወርዳል።

በቀን 30 ሊትር ለሚበላ የዕቃ ማድረሻ መኪና ከሺህ አንድ ማለት 30 ሚሊ ሊትር ነው። ሦስት እጥፍ ስታደርጉት ደግሞ እፊታችሁ ያለችውን የቡና ሲኒ ብትሞላ ነው። በቀን አንድ ሲኒ ናፍታ ለማትረፍ ነው ብዙ መቶ ዶላር የምትከፍሉት?

ቀዝቃዛ አየር የሚለውም እዚህ አይሠራም። ተርቦ አየሩን ሲጠቀጥቅ ያሞቀዋል፤ ለዚህ ነው ከተርቦው ቀጥሎ ኢንተርኩለር የተቀመጠው። መግቢያው ላይ ያገኛችሁት የጥቂት ዲግሪ ብልጫ አብዛኛው እዚያ ይጠፋል። የአይሱዙና የመሰሎቹ የአየር አፍ ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ከጋቢናው ጀርባ ከፍ ብሎ የውጭ አየር ይስባል። ዩት በሚባሉት ፒክአፕ መኪናዎች ላይ ነገሩ ይብሳል። ሳጥኑን አውጥተው ሾጣጣውን ፊልትሮ ኮፈን ስር ራቁቱን ያስቀምጡታል፤ የሚስበው የሞተሩን ትኩሳት ነው። የካቲት 7 ቀን 2009 እንደ ፈረንጆቹ ሜልቦርን 46.4 ዲግሪ የደረሰችበትን ቀን የምታስታውሱ፣ ያን ቀን ኮፈን ስር የነበረውን አየር አስቡት። «ቀዝቃዛ አየር» ብለው የሸጡላችሁ እሱን ነው።

«የኔ ዳሽቦርድ ግን ቀንሶ ያሳያል» የሚሉኝ ሰዎች አይዋሹም። ቁጥሩ ወርዶ አይተዋል። ጥያቄው ያወረደው ምንድን ነው የሚለው ነው። ቱቦው በተገጠመ ቀን ዘይትና ያረጀ ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ጎማ ተነፍቷል፣ የዳሽቦርዱ ቁጥርም ከዜሮ ጀምሯል። ከሁሉ በላይ ሾፌሩ ተቀይሯል። ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ውጤቱን ሊያይ ስለሚፈልግ ለሁለት ሳምንት እግሩን ያቀላል፣ ቁጥሩን እያየ ይነዳል። የዳሽቦርዱ ቁጥር ራሱ የኮምፒውተሩ ስሌት ነው፤ ከታንክ ተቀድቶ አልተለካም። በታንክ እንለካ ብትሉም ማደያው ላይ ማፍሰሻው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀን ዘግይቶ ይዘጋል፤ በ60 ሊትር ላይ የሦስት ሊትር ልዩነት ከመቶ አምስት ነው። ከሺህ ሦስት የሆነ ነገር ከመቶ አምስት በሚሳሳት መለኪያ እንዴት ይታያል?

ሥራዬ ብለው የሚለኩ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ኤስኤኢ ጄ1321 የሚባለው የከባድ መኪና ሙከራ ሁለት መኪና የሚጠይቀው። አንዱ ላይ አዲሱ ዕቃ ይገጠማል፣ ሌላው ሳይነካ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት አብሮ ይነዳል፤ ነፋሱና ሙቀቱ ሁለቱንም እኩል እንዲነካቸው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ አድርጎ የለካ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። እናንተ ገጥሟችኋል?

የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 የቤንዚን መኪናዎችን ፊልትሮ ሆን ብሎ አፍኖ ሞክሯል። በዘመናዊዎቹ መኪናዎች ላይ የነዳጅ ፍጆታው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ የቀነሰው ፍጥነት የማንሣት አቅማቸው ነው። ጥናቱ የቤንዚን ስለሆነ እንዳለ ወደ ናፍታ አልገለብጠውም፤ የናፍታን ጉዳይ ከላይ በራሱ ስሌት አይተነዋል። ግን አስቡት። የታፈነን ፊልትሮ በንጹሕ መተካት ያን ያህል ካልቀየረ፣ ንጹሑን በሌላ ንጹሕ መተካት ከየት አምጥቶ አንድ ሊትር ይሰጣችኋል? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚቀንስ አላገኘም። እዚሁ አውስትራሊያም ፋየርፓወር የሚባለው ኩባንያ ነዳጅ የሚቆጥብ ክኒን አለኝ ብሎ፣ የሲድኒውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ሳይቀር ገዝቶ፣ በ2008 የባለ አክሲዮኖቹን ገንዘብ ይዞ ወድቋል። ቱቦውን ከክኒኑ ጋር እኩል አላደርገውም። ግን ናፍታ በተወደደ ቁጥር የሰው ልብ ለእንዲህ ያለ ተስፋ እንደሚከፈት ያሳየናል። በ2022 ናፍታ እዚህ ከሁለት ዶላር አልፎ መንግሥት የነዳጅ ታክሱን ለስድስት ወር በግማሽ ሲቀንስ፣ በዚያው ዓመት አገር ቤት ደግሞ የነዳጅ ድጎማው መነሣት ሲጀምር፣ የቱቦው ወሬ የተጧጧፈው በከንቱ አይደለም። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው።

እስካሁን ያልኩት ቱቦው አይጠቅምም የሚል ነው። ከዚህ የሚብሰው ጉዳቱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

አንድ ወዳጄ ዩቱ ላይ ታጥቦ የሚመለስ የጨርቅ ፊልትሮ ገጠመና በበጋ ወደ ሚልዱራ አቅጣጫ ለሥራ ተመላለሰ። ሲመለስ ፉትስክሬይ ጓሮው ውስጥ ኮፈኑን ከፍተን፣ በፊልትሮውና በተርቦው መካከል ያለውን ቱቦ ማሰሪያውን ፈታን። ይህ ቱቦ የተጣራው አየር የሚያልፍበት ነው፤ ከፊልትሮው ወዲህ አቧራ ሊኖር አይገባም። ነጭ ጨርቅ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ውስጡን አበሰ። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ወጣ። የዚያ አገር አፈር ቀይ ነው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም። ጨርቁ ላይ ያየነው ያልሄደውን ነው፤ የሄደው የት ነው ያለው?

ተርቦው ክንፎች ላይ፣ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ፣ ፋሻው ስር፣ ዘይቱ ውስጥ ነው። ደቃቅ አቧራ ለፒስተን ፋሻ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ፋሻው ሲበላ ግፊት ያመልጣል፣ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞተሩም ለዚያው ጉልበት ተጨማሪ ናፍታ ይጠይቃል። ናፍታ ለመቆጠብ የተገዛው ዕቃ ውሎ አድሮ ናፍታ የሚጨርስ ሞተር ያስረክባችኋል። ይህን ግን ቱቦው በተገጠመ ሳምንት ዳሽቦርዱ አይነግራችሁም።

ፊልትሮውን ሰፊና ቀላል ያደረገው ያው ክፍተት ነው አቧራውን ያሳለፈው። ሁለቱን መለየት አይቻልም። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከሚገባው አቧራ ከ99 በመቶ በላይ ያስቀራል፤ ጥቂት ሲቆሽሽ ደግሞ የያዘው አቧራ ራሱ ማጣሪያ ስለሚሆን የበለጠ ያጠራል። አገር ቤት መካኒኮች ፊልትሮውን በየሳምንቱ አውጥተው በኮምፕረሰር ሲነፉት ያንን ጥቅም ያጠፉታል፣ ወረቀቱንም ይበሱታል። የሚታጠበው ዓይነት ደግሞ ዘይት መቀባት አለበት፤ ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያሳልፋል፣ ከበዛ አየር የሚለካው ሴንሰር ላይ ሊደርስ ይችላል። ሴንሰሩ የተስተካከለው ለፋብሪካው ቱቦ ስፋት ነው። የቱቦው ስፋት ሲቀየር ወይም ሴንሰሩ ሲቆሽሽ ኮምፒውተሩ አየሩን ይሳሳታል፤ ጥላሸት ይጨምራል፣ የጭስ ማጣሪያው ቶሎ ይሞላል። የሞላውን ለማቃጠል መኪናው ተጨማሪ ናፍታ ይረጫል። መሃል ከተማ ሲቆም ሲነሣ የሚውል መኪና ደግሞ ከሁሉ የሚቸገረው በዚሁ ማጣሪያ ነው።

ወንድሜ በስልክ ያነሣው አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ። «እዚህ እኮ አየሩ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ሜልቦርን አይደለችም» አለኝ። ልክ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ እሱ የሚወጣው ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ነገር ግን የአየሩ መሳሳት የቱቦው ጥበት ያመጣው አይደለም። ወንፊት ብትሰፋ ጤፉ አይበዛም። ለስስ አየር መፍትሔው ተርቦ ነው፤ እሱ ደግሞ አለው። ተርቦው ከከፍታው የተነሣ በብዙ ኪሎፓስካል የጎደለውን እየሞላ የሚሠራ ከሆነ፣ ፊልትሮው የሚይዛት አንድ ኪሎፓስካል የትኛዋ ናት?

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። በፖምፓ የሚሠራ አሮጌ ሞተር ከሆነና ፊልትሮው በእውነት ከታፈነ፣ ፖምፓው የአየሩን ማነስ ሳያውቅ ናፍታውን መርጨቱን ይቀጥላል። ያኔ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፤ ገንዘብ ነው። መፍትሔው ግን አዲስ የወረቀት ፊልትሮ፣ የላላ የተርቦ ቱቦ ማጥበቅ፣ ኖዝልና ፖምፓ ማስመርመር ነው። አቧራ መንገድ ላይ ከፍ ብሎ የሚስብ ስኖርክልም ጥቅም አለው፤ ከጎማ የሚነሣውን አቧራና ውሃ ያርቃል፣ ፋብሪካው ሳጥን ላይም ይገጠማል። ናፍታ ይቀንሳል ተብሎ ከተሸጠ ግን እሱም ያው ነው።

ታዲያ ናፍታው የት ይሄዳል? መሃል ከተማ ለሚሠራ ሰው መልሱ ከኮፈኑ ስር ሳይሆን ከመሪው ኋላ ነው። ቀያሹ ሆድል በ1837 የቀየሳቸው የመሃል ሜልቦርን ትንንሾቹ ጎዳናዎች ስፋታቸው አሥር ሜትር ብቻ ነው። ሊትል በርክ ላይ ከፊታችሁ የቆመው መኪና ዕቃ እስኪያወርድ ሞተር ሳታጠፉ ትጠብቃላችሁ። ትራም ባለበት መገናኛ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ወደ ግራ ጥግ ወጥታችሁ መብራቱ እስኪለወጥ ትቆማላችሁ፤ ይህን መጠበቅ ከዚህ ከተማ ሾፌር በላይ የሚያውቀው የለም። ጭነት ማውረጃ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ ተብሎ ሞተሩ እየሠራ ካርቶን ይወርዳል። በቀን አንድ ሰዓት ሞተር ማጥፋት አንድ ሊትር ተኩል ናፍታ ያተርፋል። ያች ከቱቦው የምትገኝ ሲኒ አሥራ አምስት ጊዜ እንኳ ብትቀዳ ይህን አትሞላም። መብራቱ ቀይ መሆኑን እያያችሁ ፔዳል ረግጣችሁ፣ ደርሳችሁ ፍሬን የምትይዙበት እያንዳንዱ ጊዜ ናፍታን ወደ ፍሬን ሙቀት መለወጥ ነው። ከከተማው ወጥታችሁ ፍሪዌይ ስትይዙ የነፋሱ ግፊት በፍጥነታችሁ ካሬ ይጨምራል፤ ከ100 ወደ 90 መውረድ ያንን ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሰዋል። የላላ ጎማም አለ። ይህ ሁሉ አይሸጥም፣ አያብረቀርቅም፣ ፎቶውም በስልክ አይታይም። የሚቆጥበው ግን ይኸ ነው።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ እንደገና ደወለ። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ ወርዶ፣ የአፋርን አቧራ ጠጥቶ መመለሱ ነበር። ቱቦውን ከመጠየቁ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ አልኩት፤ ከፊልትሮው ወዲህ ያለውን ቱቦ ፈትተህ በነጭ ጨርቅ ውስጡን አብሰህ አሳየኝ። ስልኩን ለረዳቱ ሰጥቶ ጋቢናውን አነሣ። ሳጥኑ በውጭ አቧራ ለብሶ መልኩ አይታወቅም። ማሰሪያውን ፈታ፣ እጁን አስገባ፣ አዟዙሮ አበሰና ጨርቁን ወደ ካሜራው አስጠጋ።

ነጭ ነበር።

«ያንን ሳጥን ማንም እንዳይነካብህ» አልኩት። በሚመጣው ሰው የምልክለት አንድ ካርቶን የፋብሪካውን ዓይነት የወረቀት ፊልትሮና የጎማ ነፋስ መለኪያ ነው።